ኮድ በወንፈል

ትርሲት ክፉ ሰው አይደለችም። ይህ አስቀድሞ ይታወቅ። መንዝ ሞላሌ ላይ ኮምፒውተር የምታስተምር፣ ሃያ ስድስት ዓመቷን የያዘች፣ ጎረቤት ታመመ ሲባል አጥሚት ይዛ ከሁሉ ቀድማ የምትደርስ ሴት ናት። ከዚህ በታች የሚነገረውን በክፋት አድርጋው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ሰድቦ መገላገል ይቻል ነበር። ያደረገችው በፍቅር ነው። የሚያንገበግበውም እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ በገቡበት ሳምንት ነው። ስድስት አልጋ በተደረደረበት ዶርም ውስጥ አንዲት ቀጭን ልጅ ከማዳበሪያ ከረጢት ባና እየጎተተች ስታወጣ ትርሲት አየቻት። በበግ ጠጉር የተሠራ፣ ጥቁር፣ አንድ ሰው ለብቻው ለማንሳት የሚከብደው ዓይነት ባና። ቆላ ላይ ላለ ሞቃት ግቢ ማን ይህን ተሸክሞ ይመጣል? አንድ አገር ብቻ ነው።

«አንቺ! ይኼ የመንዝ ባና ነው!»

«የግሼ ነው» አለች ልጅቷ ቀና ብላ። «መንዝ እንዲህ አድርጎ መሥራት የት ያውቅበታል?»

«ኧረ ወዲያ! በጉስ ከየት ሄዶላችሁ ነው?»

«እናንተ አርዳችሁ ሳትጨርሱት ሸሽቶ የመጣ ነዋ!»

አልጣሽ ትባላለች። ከግሼዋ ከተማ ከራቤል በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ከሚያስኬድ መንደር ነው የመጣችው። ትርሲት የመንዝ ቀየት ልጅ ናት። የቀሩት አራቱ ከየአገሩ የተሰባሰቡ ነበሩ፤ እነዚህ ሁለቱ ግን በዚያች ባና ምክንያት በዚያው ቀን እህትማማች ሆኑ።

የመጀመሪያው ዓመት አልቆ ትምህርት ክፍል ሲደለደል አልጣሽ አንደኛ አድርጋ የጻፈችው ነርስነት ነበር። የደረሳት ግን እንደ ትርሲት ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። በልጅነቷ በተማረችበት ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አልጠፋም፤ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ በሩ ተቆልፎ ነበር። ሁለት ጊዜ ተከፍቶ አይታዋለች፤ አንዱ እንግዳ ለጉብኝት የመጣ ቀን ነው። የትርሲት እህት ባል ግን መሐል ሜዳ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ ትርሲት ሁለት ክረምት ሙሉ እሱ ዘንድ ደብዳቤ ስትጽፍ፣ ፍላሽ ስታጸዳ፣ የተበላሸ ስትነካካ ከርማለች። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ይኸው ነው። የጭንቅላት አይደለም፤ የሁለት ክረምት ነው። ሁለቱም ግን የጭንቅላት መሰላቸው። መምህራኑም መሰላቸው። ውጤት የሚለጥፈው ቢሮም መሰለው። አንድ ሰው እንኳ ቆም ብሎ «ይቺ ልጅ ኪቦርድ ነክታ ታውቃለች ወይ?» ብሎ አልጠየቀም።

ላብ የሚባለው የኮምፒውተር መለማመጃ ክፍል ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ተማሪው ስልሳ ሦስት፣ የሚሠራው ኮምፒውተር ሃያ አንድ። ሦስት ሰው አንድ ኪቦርድ ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ለመገመት ምሁር መሆን አያሻም። የሚችለው ይጫናል፤ ሁለቱ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ሲያዩ ይከርሙና የቤት ሥራ ሲሰጥ ለየብቻቸው ይጠየቃሉ።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ከአንድ እስከ አሥር ያሉትን ቁጥሮች ደምሮ የሚያወጣ ፕሮግራም መጻፍ ነበር። አልጣሽ ሁለት ቀን ታገለችው። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ትርሲት ላብ ስትደርስ አልጣሽ ቀይ በቀይ የሆነውን ስክሪን እያየች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«አላውቅም። የጻፍኩትን ሁሉ ስሕተት ነው ይለኛል። የት ጋ እንደሆነ ግን አይነግረኝም።»

«እስቲ ተነሽ፤ ቦታ ልቀቂልኝ።»

ትርሲት ተቀመጠች። ጣቶቿ ሮጡ። ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም።

«ይኸውልሽ! በቃ ይኼን አስገቢ።»

«ምን አድርገሽ ነው ግን?»

«ተይው አሁን፤ ምሳ ያልፈናል።»

በማግሥቱ ትርሲት ከክፍል ስትመለስ ልብሷ ሁሉ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። አንሶላዋ ሳይቀር። ሁለቱም የገበሬ ልጆች ናቸውና መነጋገር አላስፈለጋቸውም። ወንፈል ተጀመረ።

ወንፈል እነሱ አገር እንዲህ ነው። የአንዱ ገብስ ደርሶ ውርጭ ወይም በረዶ ሊቀድመው ሲል ጎረቤት ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ዛሬ የእሱን፣ ከነገ ወዲያ የዚያኛውን። የመጣው ሰው ማጭድ ያነሣል እንጂ ማሳው ዳር ቆሞ «ማጭድ እንዲህ ነው የሚያዘው፣ እጅህን ዝቅ አድርግ» አይልም። እንዲህ ቢል ያስቃል፤ ባለ ገብሱም ይቀየማል። ሰውየው ማጨድ ከልጅነቱ ያውቃላ! የጎደለው እጅ ነው እንጂ እውቀት አይደለም። ሁለቱ ልጆች የሚያውቁት እርዳታ ይኸው ነበር፤ ገብተህ ሥራለት፣ ገብቶ ይሥራልህ። ስለዚህ ትርሲት የአልጣሽን ኮድ እንደ ገብስ አጨደችው። የቤት ሥራ በመጣ ቁጥር፣ ላብ በተሰጠ ቁጥር፣ ፕሮጀክት በታዘዘ ቁጥር። ማጭድ መያዝ ለማታውቅ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ታጨደላት፤ ማሳው ንጹሕ ሆነ፤ እሷ ግን ማጭድ አልያዘችም።

አልጣሽም ተራዋን አላጎደለችም። የትርሲት ልብስ ይታጠባል፣ ቁርሷ ከካፌ ይመጣላታል፣ የታሪኩና የሥነ ዜጋው ጽሑፍ በአልጣሽ ቆንጆ የእጅ ጽሕፈት ይጻፍላታል። ትርሲት ታይፎይድ ይዟት ሁለት ሳምንት ስትወድቅ ክሊኒክ ያመላለሳት፣ ያጠባት፣ ጥቁሩን ባና አልብሷት እግሯ ሥር የተቀመጠው ከአልጣሽ ሌላ ማን ሆነና? ይህን ያደረገላትን ሰው ማን ትቶ ይሄዳል? ትርሲትም አልተወቻትም። እንዲያውም ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

የጽሑፍ ፈተና ሲመጣ አልጣሽ ኮዱን ታጠናለች። ማጥናት ማለት መሸምደድ ነው። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በቃሏ ትወጣዋለች፤ ነጥቡን፣ ቅንፉን፣ ሁሉን። የመጣው ጥያቄ ያጠናችው ከሆነ ሲ ታገኛለች፤ ካልሆነ ዲ። እንዲህ እንዲህ እያለች ከሰሚስተር ሰሚስተር ተሻገረች።

በሁለተኛው ዓመት ሁለተኛ ሰሚስተር ዳታ ስትራክቸር የሚባለውን ኮርስ የሚያስተምር መምህር መጣ። አፈወርቅ ይባላል፤ የመርሐቤቴ ሰው ነው፤ ሲናገር የማይቸኩል፣ ሲጠይቅ ግን መልስ ሳያገኝ የማይለቅ። በመጀመሪያው ፈተና ማግሥት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፈ። «ቅዳሜ ጠዋት ተጨማሪ ድጋፍ የሚሰጣቸው ተማሪዎች» ይላል። አሥራ አራት ስም ተደርድሯል። ስድስተኛው የአልጣሽ ነው።

ሌላው ተማሪ አይቶት አለፈ። አንዳንዱ «እሰይ» አለ፤ አንዱ ልጅ እንዲያውም ስሙ ስላልተጻፈ ቅር ብሎት እስክርቢቶ አውጥቶ አሥራ አምስተኛ አድርጎ ራሱን ጻፈ። ሁለቱ የደጋ ልጆች ግን ሰሌዳው ፊት ደርቀው ቀሩ። እነሱ አገር ስም ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ለአንድ ነገር ነው። የአልጣሽ አባት አቶ ገብረ ሥላሴ ገብሳቸውን ውርጭ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሲያቃጥለው ስማቸው ቀበሌው በር ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ሴፍቲኔት በሚባለው የእህል እርዳታ ከታቀፉት ጋር። ስማቸው ሲጠራ ከሰው ኋላ ይቆሙ ነበር። አልጣሽንም የክፍሏ ልጆች ስሟን ትተው «ሴፍቲኔት» ይሏት ነበር፤ «ሴፍቲኔት፣ ነይ ጥቁር ሰሌዳ አጥፊ!» እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ። ይህን ለትርሲት ነግራታለች። ለሌላ ለማንም አልነገረችም።

«ነይ ከዚህ» አለች ትርሲት ክንዷን ይዛ። «ሰው ያየናል።»

አልጣሽ አልተንቀሳቀሰችም። ወረቀቱን እያየች ነው።

«ቅዳሜ ጠዋት ነው የሚለው አይደል?»

«ምን ይሁን ብለሽ ነው? እኔ እያለሁልሽ ሌላ ሰው ፊት ቆመሽ ትለምኛለሽ? ነይ ብዬሻለሁ!»

ተጎትታ ሄደች። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጥፋቱ ትንሽ ነበር። ትርሲት ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። የአልጣሽ ስም እዚያ ሰሌዳ ላይ መዋሉ እሷን ራሷን የሰደባት መሰላት። «እኔ እያለሁ!» ነው የሚለው ሆዷ። «እኔ እያለሁ!» ኩራት ፍቅር ለብሶ ሲመጣ ማን ይለየዋል? በማግሥቱ ጠዋት ለአልጣሽ ሳትነግር የመምህር አፈወርቅን ቢሮ አንኳኳች።

«መምህር፣ የአልጣሽ ገብረ ሥላሴን ስም ከዝርዝሩ ያውጡልን።»

«ያውጡልን? ስንት ናችሁ?»

«እኔና እሷ ነን። አብረን ነን የምናጠናው። እኔ አስጠናታለሁ።»

መምህሩ ከሚያርመው ወረቀት ቀና አለ። የሁለቱን የላብ ሥራ ጎን ለጎን አስቀምጦ ሳያይ አልቀረም።

«ታስጠኛታለሽ ወይስ ትሠሪላታለሽ?»

«አስጠናታለሁ።»

«እሷ ናት የላከችሽ?»

እነሆ ጥያቄው። አንድ ቃል ነው የሚፈልገው። ትርሲት ይህን ጊዜ ዛሬም ድረስ እንዳለ ታስታውሰዋለች፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ቀይ እስክርቢቶ፣ ክዳኑ የጠፋበትን።

«አዎ» አለች። «አፍራ ነው። እባክዎ።»

እሱም ቢሆን ከጥፋቱ ነጻ አይደለም። ልጅቷ ያለችው ሁለት ሕንፃ አልፎ ነው። አስጠርቶ «ድጋፍ አልፈልግም ብለሻል ወይ?» ቢላት ምን ይጎድልበት ነበር? ግን ሁለት መቶ ወረቀት የሚያርም፣ አምስት ክፍል የሚያስተምር ሰው ነው፤ አንድ ስም ሲቀንስለት እፎይ ሳይል አይቀርም። ተነሥቶ ወጣና ሰሌዳው ላይ ስድስተኛውን ስም በቀይ ሰረዘው።

አልጣሽ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሣችም። ትርሲት «አላየችውም» አለች በሆዷ። «ብታየውም ደስ ብሏት ነው።» ሰው ራሱን ሲያታልል ምን ያህል ጎበዝ ነው!

አራተኛው ዓመት አለቀ። የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ትርሲት ሠራችው፤ አልጣሽ የምትናገረውን ሸምድዳ ከመምህራን ፊት ቆማ ተናገረች፤ ተጨበጨበላት። ከዚያ የመውጫ ፈተና መጣ። የመውጫ ፈተና ወንፈል አያውቅም። ሰው ለየብቻው ገብቶ፣ ለየብቻው ተቀምጦ፣ የማያውቀው ጥያቄ የሚቀርብለት ነው። ትርሲት ሰባ አንድ አመጣች። አልጣሽ ሠላሳ ሦስት። ማለፊያው ሃምሳ ነው፤ ያላለፈ ዲግሪ የለውም። በምረቃው ቀን ትርሲት ጋዋን ለብሳ ስትሰለፍ አልጣሽ ከተመልካቹ መካከል ቆማ የትርሲትን ቦርሳ ይዛላት ነበር። እስከ መጨረሻው አገለገለቻት። በሁለተኛው ሙከራ ሠላሳ ዘጠኝ መጣ።

ለሦስተኛው ሁለት ወር ሲቀረው ትርሲት ሞላሌ ሥራ ይዛለች፤ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታለች፤ ላፕቶፕም አላት። «ነይ እኔ ጋ፤ ዘንድሮ ታልፊያታለሽ» ብላ ጠራቻት። አልጣሽ መጣች፤ ጥቁሩን ባና ይዛ። ከቅዳሜዎቹ በአንዱ ከቁርስ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«በይ እንጀምር። ሉፕ ምንድን ነው?»

ሉፕ አንድን ሥራ የሚያስደጋግም ትእዛዝ ነው። አልጣሽ ዓይኗን ጨፈነችና የመማሪያ ወረቀቱን አንድ ቃል ሳታስቀር በእንግሊዝኛ ወጣችው።

«ጎበዝ። አሁን በአማርኛ ንገሪኝ።»

«በአማርኛ አላውቀውም።»

«አሁን የተናገርሽውስ?»

«እሱማ በቃሌ ነው። እንደ ውዳሴ ማርያም እኮ ነው፤ ግእዙን እለዋለሁ እንጂ ፍቺውን ቄሱን ጠይቂያቸው።» አልጣሽ ሳቀች። ትርሲት አልሳቀችም።

ወረቀት ላይ አምስት መስመር ኮድ ጻፈችላትና «ይህ ምን ያወጣል?» አለቻት። አልጣሽ ጣቷን በመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጣቷ ወደ ሁለተኛው ወረደ፤ ተመለሰ። እንደገና ወረደ። ውስጧ የሆነ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ እየተከፈተ ነበር፤ ፊቷን ላየው ያስታውቃል። አንድ ደቂቃ ሄደ። ሁለት ደቂቃ። የትርሲት እግር ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን መምታት ጀመረ።

«ቆይ… መጀመሪያ ዜሮ ነው… ከዚያ…»

«አምስት ነው! እዪ፣ እዚህ ጋ ስለሚመለስ እኮ ነው፣ ቆይ ላሳይሽ…»

እጇ ኪቦርዱ ላይ ነበር። እሷ ራሷ መቼ እንደደረሰ አላየችውም። አልጣሽ ጣቷን ከወረቀቱ አነሣች። ሁለት እጇን ሰብስባ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና እንደ ድሮው ማየት ጀመረች።

«ምነው?» አለች ትርሲት።

«ምንም። ልደርስበት ስል ነገርሽኝ።»

«ውይ፣ ይቅርታ እሺ። ሌላ እንሥራ።»

ሌላ ሠሩ። እንደገና ነገረቻት። ተቆጥታ አይደለም፤ ስለምትወዳት አስችሏት ማየት አቅቷት ነው። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ። ተማሪዎቿን በትዕግሥት የምታስተምር ሴት፣ አልጣሽ አጠገቧ ስትቀመጥ እጇን መያዝ አቃታት። ሦስት ዓመት የለመደ እጅ ነዋ!

ውጤቱ የወጣ ቀን ሞላሌ ውስጥ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። ከከተማው ወጥተው አንድ ከፍታ ላይ ሄዱና ስልኩን ወደ ላይ ይዘው ቆሙ። ነፋሱ ነጠላቸውን ይገፈዋል። አልጣሽ ቁጥሯን አስገባች። ጠበቁ። መጣ።

አርባ ስድስት።

ትርሲት አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። አልጣሽ ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ሳቅ ብላ «ምን አስለቀሰሽ አንቺን?» አለቻት። «ተይው። እኔ ሞኝ ነኝ እንጂ ድሮም ተነግሮኝ ነበር። መምህር አፈወርቅ ያኔ ስሜን በቀይ ሲሰርዘው ነው ያወቅኩት። አስተማሪ እንኳ ተስፋ ከቆረጠብሽ ከዚያ ወዲያ ምን አለ?»

ትርሲት ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ዝም ለማለት አፏን ገጠመች። አልሆነላትም።

«እሱ አይደለም።»

«ምኑ?»

«እሱ አልሰረዘሽም። እኔ ነኝ። ቢሮው ሄጄ አውጧት አልኩት።»

አልጣሽ ከድንጋዩ ተነሣች።

«ምን ብለሽ?»

«እሷ ናት የላከችኝ አልኩት።»

«እኔ ግን አልላክሁሽም።»

«አልላክሽኝም።»

ከበታቻቸው አንድ አይሱዙ እያቃሰተ ዳገቱን ይወጣ ነበር። አልጣሽ እስኪያልፍ በዓይኗ ተከተለችው።

«እኔኮ ያን ቅዳሜ ሄጄ ነበር» አለች። «አንቺ ገበያ ወጣሁ ብለሽ ነበር። ደብተሬ ላይ ሦስት ጥያቄ ጽፌ ሄድኩ። የመጀመሪያው ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? ‹ኮምፒውተሩ ከየትኛው መስመር ነው የሚጀምረው?› የሚል ነው። ይህን ነበር የማላውቀው። በሩ ጋ ስደርስ ሰሌዳው ላይ ያው ወረቀት ተለጥፏል፤ ስሜ ላይ ቀይ። ውስጥ ልጆቹ ይስቃሉ። መምህሩ ‹ችግር የለም፣ ደግመን እናየዋለን› ሲል ይሰማኛል። ተመለስኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ! አንቺ እያለሽ ሌላ ሰው ጋ መሄዴ ክህደት መስሎኝ ነዋ!»

ትርሲት ይቅርታ አለች። እግሯ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች፤ አልጣሽ በእጇ መለሰቻት። አልሰደበቻትም፤ አላለቀሰችም። ብትሰድባት ይሻል ነበር።

«ስልኩ አለሽ?»

«የማን?»

«የመምህር አፈወርቅ።»

ነበራት። አልጣሽ ደወለችና ሁለቱም እንዲሰሙት ድምፁን ከፈተችው።

«ሃሎ? መምህር፣ አልጣሽ ገብረ ሥላሴ እባላለሁ። ዳታ ስትራክቸር አስተምረውኝ ነበር።»

«አልጣሽ… አዎ፣ አዎ። የግሼዋ። ድጋፍ አልፈልግም ያልሽው።»

«አላልኩም መምህር። ቅዳሜ መጥቼ ነበር። ተሰርዤ አየሁና ተመለስኩ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት አልጣሽ ስክሪኑን አየች።

«ራስሽን መጠየቅ ነበረብኝ» አለ መምህሩ በመጨረሻ። «አሁን ምን ላግዝሽ?»

«አልገባኝም» አለች አልጣሽ። ድምፏ ተሰበረ፤ መልሳ አቃናችው። «አልገባኝም መምህር።»

«የቱ ነው ያልገባሽ?»

«ከመጀመሪያው። ከሉፕ ጀምሮ።»

በዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ ትርሲት «አልገባኝም» የሚለውን ቃል ከአልጣሽ አፍ ሰምታ አታውቅም። መምህር አፈወርቅ ዩኒቨርሲቲውን ለቅቆ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር፤ ግን ስለ አንዲት የቀድሞ ተማሪው ለአልጣሽ ነገራት። ጽናት ትባላለች፤ ራሷ የመውጫ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው ያለፈች፤ አሁን ደብረ ብርሃን የወደቁትን ሰብስባ ቅዳሜና እሑድ ታስጠናለች። «እሷ ጋ ሂጂ» አለ። «ጽናት ስታስጠና እጇን ኪሷ ከትታ ነው። ሰው ሲንተባተብ ቆማ ትጠብቃለች።»

አልጣሽ በሦስተኛው ቀን ዕቃዋን አሰረች። ትርሲት መኪና መነኸሪያው ድረስ ሸኘቻት፤ ባናውንም እሷ ተሸከመችው። መኪናው እስኪሞላ ቆመው ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ አወሩ፤ ሁለት እንግዳ ሰው እንደሚያወራው።

«በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ እላለሁ» አለች ትርሲት። «የሚከብድሽ ነገር ካለ…»

«አትምጪ።»

«ልጠይቅሽ ብቻ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን አንቺ ስትመጪ እጅሽም አብሮ ይመጣል።» አልጣሽ ጉንጯን ሳመቻት፤ ሦስት ጊዜ፤ ሳትቸኩል። «ካለፍኩ እኔ እደውላለሁ።»

ወራት ሄዱ። ትርሲት አልደወለችም፤ አልሄደችም። ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቿ ስታስተምር እጇን ወደ ኋላ አጣምራ መቆም ጀመረች። ይህ ለአልጣሽ ምን ይረባታል? ምንም። ለዚያች ልጅ የሚረባት የዛሬ ስንት ዓመት ቅዳሜ ጠዋት ነበር።

የአራተኛው ሙከራ ውጤት እንደወጣ ሰማች። ስልኳን ከእጇ ሳትለይ አንድ ቀን ዋለች፤ ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን «ወድቃለች» ብላ ደመደመች፤ ደውላ እንዳታሳፍራት ፈራች። ከወር በኋላ ከግሼ ለዘመድ ለቅሶ የመጡት የአልጣሽ አክስት፣ እትዬ አረጋሽ፣ ሞላሌ ገበያ መሃል አገኟትና ከሩቅ እልል አሉ።

«ትርሲትዬ! እንኳን ደስ ያለሽ!»

«ምን ተገኘ እትዬ?»

«ምን ተገኘ ትላለች እንዴ! ልጃችን አለፈች እኮ! ሃምሳ ስምንት! ሥራም ደብረ ብርሃን ይዛለች። አልነገረችሽም?»

«እ… ነገረችኝ» ልትል ነበር ትርሲት። አላለችም። «አልነገረችኝም» አለች።

«ይሄ ሥራ አሯሩጧት ነው! እኔማ ለእናቷ ስነግራት የቆየሁት ስላንቺ ነው። ያቺ የቀየቷ ልጅ ባትኖር የኛ ልጅ የት ትደርስ ነበር? አራት ዓመት አስጠናሽ፣ ቤትሽ አስቀምጠሽ አበላሽ። እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልሽ፤ ልጅ ወልደሽ ሳሚ!»

«እኔ አይደለሁም እትዬ። እውነቴን ነው። እኔ እንዲያውም…»

«አዬ ትሕትና! ድሮም የጨዋ ልጅ!» እትዬ አረጋሽ ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ። «ቆይ፣ ቆይ፣ አሁኑኑ ላገናኝሽ።»

ደወሉ። ጥሪው ሲሄድ ትርሲት ይሰማታል። ተነሣ። የአልጣሽ ድምፅ ነው፤ ምን እንደሚል ግን በገበያው ጫጫታ አይለይም።

«ልጄ! ማን አጠገቤ ቆማለች መሰለሽ? ትርሲት! ላቀብላት?»

እትዬ አረጋሽ አዳመጡ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈገግታቸው ትንሽ ቀዘቀዘና ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱት።

«አሁን ስብሰባ ላይ ነኝ፣ በኋላ እደውልላታለሁ ብላለች።»

«እሺ» አለች ትርሲት። «ሥራ ላይ ናት።»

«አዎ፣ ሥራ ላይ ናት» አሉ እትዬ አረጋሽ፤ ፊቷን ግን ትኩር ብለው እያዩ።

ቀኑ እሑድ ነበር።